ከፍ ያለው ኖታ የማን ነው?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወናጎ ላይ የመዘምራን ልምምድ ሰዓት ነው። ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ ከሚወስደው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ፣ በእንሰትና በቡና መሀል በተሠራ ቆርቆሮ ክዳን አዳራሽ ውስጥ፣ ሃያ የሚሆኑ ወጣቶች ግማሽ ክብ ሠርተው ቆመዋል። ለነገ የሚያቀርቡት አዲስ መዝሙር ነው። ዜማውን ያጠኑት ከስልክ ነው፤ የዘመረችው ድምፀ ቀጭን፣ በየቤቱ የምትደመጥ የአዲስ አበባ ዘማሪት ናት። ኪቦርድ የሚጫወተው ልጅ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ኪዩን ፈልጎ አገኘና ጀመሩ።

የመጀመሪያው ስንኝ በሰላም አለፈ። አዝማቹ ላይ ሲደርሱ ዜማው ሽቅብ ወጣና ሴቶቹ ሦስት ቦታ ተከፈሉ። ከፊት የቆሙት ሁለቱ የአንገታቸው ሥር እስኪገተር ጮኹ። ከኋላ ያሉት ሳይታወቃቸው አንድ ኦክታቭ ወርደው ከወንዶቹ ጋር ተደባለቁ። የቀሩት አፋቸውን ከፍተው ድምፃቸውን ዋጡ። አሰልጣኙ እጁን አንሥቶ አስቆማቸው። «ኪዩን ሁለት ላውርደው?» አለ ኪቦርዲስቱ። ለጊዜው ማንም አልመለሰም። በኋላ ከፊት ካሉት አንዷ፣ «ጋሼ፣ በኦሪጅናሉ ይሁንልን፤ እንለምደዋለን» አለች።

ይህን ልመና ያልሰማ የመዘምራን አሰልጣኝ ያለ አይመስለኝም። በስልክ የሰሙት መዝሙር በተቀዳበት ኪይ ካልተዘመረ የተሸነፉ የሚመስላቸው ወጣቶች ብዙ ናቸው። በፋና ላምሮት የዘፈን ውድድር መድረክ ላይ የሚቆሙ ተወዳዳሪዎችም የሌላ ሰው ዘፈን ሲመርጡ ያው ፈተና ይገጥማቸዋል። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ድምፅ በስልጠና ይሰፋል ወይ? ከሰፋስ የሚሰፋው በየት በኩል ነው? መልሱን በቅጡ የሚያውቅ ሰው ባለመኖሩ ብቻ ስንት መልካም ድምፅ ሃያ ዓመት ሳይሞላው እንደሻከረ የመዘምራን አገልግሎት ውስጥ ያደገ ሁሉ ይመሰክራል።

ሙዚቀኞች «ሬንጅ» የሚሉት፣ እኛም የድምፅ ክልል ልንለው የምንችለው፣ አንድ ሰው ከሚያወጣው ዝቅተኛ ድምፅ እስከ ከፍተኛው ያለውን ርቀት ነው። ድምፁ የሚሠራው ማንቁርት ውስጥ ባሉ ሁለት እጥፋቶች ነው። የድምፅ አውታር ብንላቸውም ክር አይደሉም። ከውስጥ ጡንቻ ናቸው፤ ከላይ ደግሞ ለስላሳና እርጥብ ሽፋን አላቸው። ርዝመታቸው በአዋቂ ሴት ከ12 እስከ 17 ሚሊ ሜትር፣ በአዋቂ ወንድ ከ17 እስከ 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከሳምባ የሚወጣው አየር በመሀላቸው ሲያልፍ እየተገናኙ ይለያያሉ። መሣሪያ የሚቃኝባት «ላ» በሰከንድ 440 ንዝረት ናት፤ አንዲት ሴት እሷን ስትዘምር ሁለቱ እጥፋቶች በየሰከንዱ 440 ጊዜ ይጋጫሉ ማለት ነው። በአማካይ 300 ንዝረት ላይ ለአንድ ሰዓት ብትዘምር ግጭቱ ከአንድ ሚሊዮን ያልፋል። ኪቦርዲስቱ «ሁለት ላውርደው» ያለው ሁለት ግማሽ ድምፅ ነው፤ ይህ ብቻ ከንዝረቱ 11 በመቶ ያህሉን ይቀንሳል። ለሦስት ሰዓት ልምምድ ሲታሰብ ትንሽ አይደለም።

የክራር ጅማት ሲጠብቅ ድምፁ እንደሚቀጥን ሁሉ እጥፋቶቹም ሲሳቡ ድምፅ ይቀጥናል። የሚስባቸው ጡንቻ ከማንቁርቱ ፊት ለፊት ያለ ነው። ሌላው ጡንቻ በእጥፋቶቹ ውስጥ ያለው ሲሆን እሱ በተራው ያሳጥራቸዋል፣ ያወፍራቸዋል። የውስጠኛው ሲበረታ የምንሰማው ወፍራሙን የደረት ድምፅ ነው። የሚስበው ሲበረታ ደግሞ ቀጭኑን የራስ ድምፅ እንሰማለን። ሁለቱ ሥራ የሚቀባበሉበት ቦታ ላይ ያልሠለጠነ ድምፅ ይሰነጠቃል። አዝማቹ ላይ የጮኹት ልጆች በደረት ድምፃቸው ያንን መሻገሪያ አልፈው ሊሄዱ የሞከሩ ናቸው። በጉልበት የተወሰኑ ኖታዎች ያልፋሉ፤ ከዚያ በላይ ግን ግድግዳ ነው።

ከግማሽ ክቡ ጫፍ የምትቆም አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ አለች። ስልጠና ስትጀምር አሰልጣኙ ኪቦርዱ አጠገብ አቁሞ ክልሏን ለካ። ከመካከለኛዋ «ዶ» ተነሥቶ አንድ አንድ ቁልፍ እየነካ ወደ ታች ወረደ፤ «ሶል» ላይ ድምፅዋ ወደ ትንፋሽ ተለወጠ። በሰከንድ 196 ንዝረት መሆኑ ነው። ከዚያ ወደ ላይ ሄደ። «ላ» ድረስ በደህና መጣች። «ሲ» ላይ አገጯ ወደ ላይ ተነሣ፣ ትከሻዋም አብሮ። 523 ንዝረት ያላትን «ዶ» ጮኻ ነካቻት። አብረዋት የቆሙት አጨበጨቡላት። አሰልጣኙ ግን ደብተሩ ላይ የጻፈው «ዶ»ን አልነበረም፤ ከ«ላ» ሥር አሰመረና፣ «እስከዚህ ያለው ያንቺ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን ገና አላገኘሽውም» አላት።

ቀጥሎ የመጣው ብዙ ሠልጣኞችን ተስፋ የሚያስቆርጠው ወቅት ነው። አሰልጣኙ ጩኸት ከለከላት። አገጯ ሲነሣ ያስቆማታል፤ ትከሻዋ ሲነሣ ከትንፋሹ ያስጀምራታል። በዚህ ደንብ ስትዘምር «ሲ»ንም «ዶ»ንም አጣቻቸው። ድምፄ ጠፋ ብላ አለቀሰች፤ ቤተሰቦቿም ስልጠናው አበላሻት አሉ። እኔ ለድምፅ ሠልጣኝ ሁሉ አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል ብዬ የማምነው ይህን ነው፦ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክልሉ የጠበበ ሊመስለው ይችላል። የጠፋው በአንገት ጡንቻ ታግዞ ይወጣ የነበረው ነው፤ አዲሱ መንገድ ደግሞ ገና አልተከፈተም። ይህን ሳያውቅ የገባ ሰው በሁለተኛው ወር ትቶ ይወጣል፤ ወደ ጩኸቱም ይመለሳል።

በእነዚያ ሳምንታት የሚሠሩት ሥራ ሲያዩት ተራ ነገር ነው። ከንፈርን ገጥሞ አየር እያስወጡ እንደ ሕፃን «ብርርር» ማሰኘት፣ አፍ ዘግቶ ማንጎራጎር፣ ግማሽ ድረስ ውኃ ባለው ጠርሙስ ውስጥ በስትሮ ድምፅ ማውጣት። ወላጆች ሲያዩ ጨዋታ ይመስላቸዋል። ምክንያቱ ግን ጽኑ ነው። አፍ በከፊል ሲዘጋ አየሩ ተመልሶ ከእጥፋቶቹ በላይ ግፊት ይፈጥራል፤ እጥፋቶቹም ሳይላተሙ፣ በቀላሉ ይንቀጠቀጣሉ። ዘማሪዋ በዚህ ሁኔታ ከታች እስከ ላይ ስትንሸራተት የሚስበው ጡንቻና የውስጠኛው ያለ ትግል ሥራ መቀባበል ይማራሉ። መሻገሪያው እየለሰለሰ የሚሄደው በዚህ ነው። ዛሬ በዓለም ዙሪያ የድምፅ ሐኪሞችም የታመመ ድምፅ ለማዳን ይህንኑ ዘዴ ይጠቀሙበታል።

ልጅቱ ከወራት በኋላ ዳግም ስትለካ 659 ንዝረት ያላት «ሚ» ላይ ደረሰች፤ ያውም አገጯ ሳይነሣ። ከታች በኩል ደግሞ ከ«ሶል» ወደ «ፋ» አንድ ድምፅ ብቻ ወረደች። ሁለቱ ጫፎች እኩል አለመንቀሳቀሳቸው የአጋጣሚ ጉዳይ አይደለም። የታችኛውን ወሰን የሚቆርጠው የእጥፋቶቹ ርዝመትና ውፍረት ነው፤ ጡንቻን ማሠልጠን ይቻላል እንጂ ማንቁርትን ማስረዘም አይቻልም። ቤዝ ለመሆን የሚጓጉ ጎልማሶች ጠዋት እንደተነሡ ድምፃቸው ወፍሮ ሲያገኙት ደስ ይላቸዋል። ሌሊት በእንቅልፍ እጥፋቶቹ ትንሽ ስለሚያብጡ ነው፤ ጥቂት ካወሩ በኋላ ወደነበረበት ይመለሳል። የላይኛው ወሰን ግን የቅንጅት ጉዳይ ስለሆነ በስልጠና ሊከፈት ይችላል። እሱም ቢሆን ወሰን አለው። ከእናቷ ማሕፀን ባለ ወፍራም ድምፅ፣ አልቶ ሆና የተወለደች ልጅ በየትኛውም ልምምድ የኦፔራ ሶፕራኖ አትሆንም፤ መሆንም የለባትም።

ከሁለቱ ጫፎች ይልቅ እኔን የገረመኝ መካከሉ ነው። ቀድሞ ከ«ሬ» እስከ «ፋ» ያለው ድምፅዋ ደካማና ትንፋሽ የበዛበት ነበር፤ እዚያ ላይ ማንም ሰምቷት አያውቅም። አሁን ቃሉ ከኋላ ወንበር ድረስ ይሰማል። ሙዚቃ የሚያስተምሩ ሰዎች ድምፅ ሳይደክም ረጅም ሰዓት ሊቆይበት የሚችለውን ቦታ ከጠቅላላው ክልል ለይተው ያዩታል። ሁለት ዘማሪዎች አንድ ዓይነት ክልል ኖሯቸው የሚመቻቸው ቦታ ግን ሊለያይ ይችላል። አብዛኞቹ የጉባኤ መዝሙሮች ከአንድ ኦክታቭ ብዙ አይዘሉም። ሁለት ኦክታቭ ያለው ሰው እነዚህን ለመዘመር ክልል አይጎድለውም። የሚጎድለው ዜማውን የሚመቸው ቦታ ላይ የሚያሳርፍለት ኪይ ነው። ኪቦርዱ ላይ ደግሞ ለዚህ የሚሆን አንድ ቁልፍ አለ፤ ሲጫኑት ያለ ምንም ድካም ሁሉን ያወርዳል ወይም ያወጣል።

ማንቁርት ሲሠራ በዓይን ከመታየቱ በፊት መምህራን ሁሉ በጆሮና በግምት ይሠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1854 ማኑኤል ጋርሲያ የተባለ ስፔናዊ የዘፈን መምህር በጥርስ ሐኪም መስታወትና በፀሐይ ብርሃን የገዛ ራሱን የድምፅ እጥፋቶች ሲንቀሳቀሱ አየ። በቀጣዩ ዓመት ያየውን ለንደን ለሚገኘው የሳይንስ ማኅበር አቀረበ። ሐኪሞች ዛሬም ጉሮሮ የሚመረምሩበት ዘዴ መነሻው የዘፈን መምህር መሆኑ ደስ ይለኛል። ጋርሲያ ራሱ በወጣትነቱ ዘፋኝ ነበር፤ ድምፁ ስለተጎዳ ወደ ማስተማር ዞረ።

እኛም አገር የድምፅ ስልጠና የትናንት ነገር አይደለም። የዜማ ቤት ተማሪ በየኔታ እግር ሥር ዓመታት ተቀምጦ ግዕዙን፣ ዕዝሉንና አራራዩን ሲያጠና ድምፁን የሚያሠራው በየዕለቱ ነው። ግዕዙ ረጋ ያለ ነው፤ አራራዩ ደግሞ ቀጠን ብሎ ይወጣል። ሦስቱንም የሚያዘልቅ ደብተራ ከታች እስከ ላይ የሚታዘዝለት ድምፅ ማበጀት ግድ ይለዋል። በከተማው ሙዚቃ በኩል ደግሞ አርመናዊው ኔርሲስ ናልባንዲያን አለ። በማዘጋጃ ቤት ኦርኬስትራ፣ ከዚያም በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር፣ በዛሬው ብሔራዊ ቴአትር፣ ድምፃውያንንና ተጫዋቾችን ያሠለጠነ ሰው ነው። ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤትም ድምፅን እንደ መሣሪያ ቆጥሮ ያስተምራል። ይህ የከተማው ስልጠና ግን አዲስ አበባ ነው። ወናጎ ላይ ያለ አሰልጣኝ አንድ ሁለት አጫጭር ኮርስ የወሰደ፣ የቀረውን ከስልክ ቪዲዮ የለቀመ፣ በሥራ ቀን ሌላ እንጀራ ያለው ሰው ነው። ያለ ክፍያ ነው የሚሠራው። ስለ እሱና ስለ መሰሎቹ በቂ አልተጻፈም።

ከስልክ የሚለቀመው ትምህርት አንድ ችግር አለበት፤ የተሠራው ለሌላ አፍ ነው። የድምፅ ልምምዶች አብዛኞቹ ከጣልያን ትምህርት ቤት የወጡ ናቸው። ጣልያንኛ በአናባቢ የተሞላ ቋንቋ ስለሆነ ጉሮሮን ክፍት አድርጎ መዝፈን ያመቻል። አማርኛ ግን ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ቀ፣ ጰ አሉት። ወናጎ ላይ የሚነገረው ጌዴኦኛም ከሲዳምኛ ጋር የአንድ ቤተሰብ ቋንቋ ነውና እነዚህን የመሰሉ ፈንጂ ድምፆች አሉት። ጠ ስንል የሆነውን ልብ ብለን ብናስተውል፣ ማንቁርት ለቅጽበት ጥርቅም ብሎ ይዘጋል፣ ሽቅብም ይነሣል፤ ከዚያ አየሩ ይፈነዳል። በንግግር ምንም አይደለም። ከፍ ያለ ኖታ ላይ ግን ዘማሪዋ ማንቁርቷን ዝቅ አድርጋ ለመያዝ በምትታገልበት ቅጽበት ቃሉ ራሱ ሽቅብ ይጎትተዋል። ይህን ያልተለማመደ ሰው ከ«ጠ» በኋላ ያለውን አናባቢ ጨምቆ ያወጣዋል።

ስለዚህ አሰልጣኞች «ማ፣ ሜ፣ ሚ» ብቻ እያሉ ማለማመዳቸው አይበቃም ባይ ነኝ። «ማ» ላይ «ሚ»ን የነካች ልጅ ያንኑ ኖታ «ጣ» ላይ ልታጣው ትችላለች። ወናጎ ላይ ያየሁት አሰልጣኝ ይህን በራሱ ደርሶበታል። አንዱን ቃል ይነጥልና ዝቅ ባለ ኖታ ላይ «ጣ» ያሰኛቸዋል፤ ፈንጂውን ቀለል አድርገው፣ አየሩ ሳይቋረጥ ወደ አናባቢው እንዲገቡ። ከዚያ ግማሽ ግማሽ ድምፅ እያወጣ ይወስዳቸዋል። ቃሉ ሳይበላሽ ጉሮሮው እስኪላላ አይለቃቸውም። የኛ ቋንቋዎች የራሳቸው የልምምድ መጽሐፍ ያስፈልጋቸዋል፤ የሚጽፈው ሰው ቋንቋውን የሚያውቅና ጉሮሮንም ያጠና መሆን አለበት።

የዜማው ነገርም እንዲሁ ነው። በጌዴኦ አዛውንቶች ዘንድ ዜማ አውጪና ተቀባይ አለው፤ በዳራሮ በዓልም ሆነ በሠርግ አንዱ ያወጣል፣ ሕዝቡ ይቀበላል። አውጪው ኪይ የሚሰጠው ኪቦርድ የለውም። ለራሱ ድምፅ ከሚመቸው ይነሣል፤ ተቀባዩም በየአቅሙ ይገባል። ወፍራሙ ከታች፣ ቀጭኑ ከላይ። ትንሽ ወደ ምዕራብ ተሻግረን ዶርዜ ብንሄድ ይህ በየአቅም መግባት ብዙ ድምፅ ተደራርቦ የሚሰማበት የረቀቀ ጥበብ ሆኖ እናገኘዋለን፤ የዓለም የሙዚቃ ተመራማሪዎች በአድናቆት የቀዱት ነው። የጌዴኦ ምድር ቡናውን፣ እንሰቱንና ዛፉን አንድ ላይ በሚያበቅል ባህላዊ መልክዓ ምድሩ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል። የዜማውም ባህል እንዲሁ ቢቀረጽና ቢጠና ምኞቴ ነው። ሁሉም አንድ የተቀዳ ድምፅ ላይ ካልደረስኩ የሚለው ልማድ ከመጣ ገና ቅርብ ጊዜው ነው።

ስለ ወንዶች ልጆች ለብቻ መናገር ያስፈልጋል። ከ12 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ የወንድ ልጅ ማንቁርት በፍጥነት ያድጋል፤ ድምፁም አንድ ኦክታቭ ያህል ይወርዳል። የሴት ልጅም ይወርዳል፤ ግን ሁለት ሦስት ግማሽ ድምፅ ያህል ስለሆነ ብዙ አይታወቅም። ትናንት በልጆች ኳየር ፊት ቆሞ አዳራሹን ያስለቅስ የነበረ ልጅ ዛሬ ድምፁ ሲጎረንን፣ መሀል ላይ ሲሰነጠቅ፣ ጓደኞቹ ይስቁበታል። ብዙዎቹ በዚህ ዕድሜ አገልግሎቱን ጥለው የሚወጡት በዚህ ሀፍረት ነው። ጋርሲያ በዚህ ጊዜ ልጁ ጨርሶ እንዳይዘፍን ይመክር ነበር፤ የኋላ መምህራን ግን ቀለል አድርጎ፣ በጠባብ ክልል ውስጥ እንዲቀጥል ይፈቅዳሉ። እኔም ከኋለኞቹ ጋር ነኝ። አምስት ኖታ ብቻ ቢቀረው አምስቱን ይዘምር፤ ከታች ደግሞ ተቀባይ ሆኖ ይግባ። ድምፁ እስኪረጋ አንድ ሁለት ዓመት ሊፈጅ ይችላል። ቴነር ይሁን ቤዝ የሚታወቀው ከዚያ በኋላ ነው፤ በ14 ዓመቱ ስም የሚለጥፍበት አሰልጣኝ ይቸኩላል።

ወናጎ ላይ ስለ ድምፅ አውርቶ ቡናን ዝም ማለት አይቻልም። ቡና ድምፅ ያደርቃል፣ ዘማሪ አይጠጣ የሚል ምክር በየቦታው ይሰማል። በቡና አገር ይህን መምከር ከባድ ነው፤ ደግነቱ ብዙ መሠረት የለውም። ካፌይን በመጠኑ ሲወሰድ ድምፅን ስለመጉዳቱ በጥናት የተገኘ ጠንካራ ማስረጃ የለም። እጥፋቶቹ እርጥብ ሆነው እንዲኖሩ ቀኑን ሙሉ ውኃ መጠጣት ይረዳል። ሲጠጡት ግን ውኃው በእጥፋቶቹ ላይ አያልፍም፤ በሰውነት ዞሮ ነው የሚደርሳቸው። ስለዚህ ልምምድ ሊጀመር ሲል በጥድፊያ የሚጨለጠው ብርጭቆ የሚያመጣው ለውጥ ጥቂት ነው፤ የጠዋቱ ውኃ ይበልጣል። ከቡናው ይልቅ የሚያሳስበኝ ማታ ዘግይቶ ጠግቦ በልቶ ወዲያው መተኛት ነው። የጨጓራ አሲድ ሌሊት ወደ ላይ ተመልሶ ማንቁርትን ሲለበልብ ያድራል። ጠዋት ጉሮሮውን እየጠረገ የሚነሣ ዘማሪ አብዛኛውን ጊዜ ብርድ መታኝ ይላል።

ከሁሉ የከፋው ጠላት ዘማሪን የሚያስጮኸው የድምፅ ማጉያ ነው። ቆርቆሮ ክዳን ባለው አዳራሽ ሁለት ትልልቅ ስፒከር ወደ ሕዝቡ ይዞራል፤ ወደ መዘምራኑ የሚዞር ግን የለም። ከበሮውና ኪቦርዱ ሲነሣ ዘማሪዋ ራሷን አትሰማም። ሰው ራሱን በማይሰማበት ቦታ ሳያስበው ድምፁን ከፍ ያደርጋል። ይህን ፈረንሳዊው ሐኪም ኤቲየን ሎምባርድ ከመቶ ዓመት በፊት መዝግቦታል፤ በስሙም ይጠራል። በልምምድ ያገኘችው ለስላሳ መሻገሪያ እሁድ ጠዋት መድረክ ላይ የሚጠፋባት ለዚህ ነው። አንዱን ስፒከር ወደ መዘምራኑ ማዞር ገንዘብ አይጠይቅም። ከበሮውን ትንሽ ማራቅም እንዲሁ።

ይህ ሁሉ ችላ ሲባል የሚመጣውን ደግሞ ማወቅ ያስፈልጋል። እጥፋቶቹ አብዝተው የሚጋጩት መሀላቸው ላይ ነው፤ በየቀኑ ሲደበደብ እዚያው ላይ በሁለቱም ወገን ትንንሽ እብጠት ያወጣል። ኖዱል ይባላል። ምልክቱ ቀድሞ የሚታየው በላይኛው ጫፍ ነው። ቀጭኗንና ለስላሳዋን ኖታ ስትፈልጋት አየር ብቻ ይወጣል፤ ጮክ ስትል ግን ድምፁ ይመጣል። ያን ጊዜ አብዛኛው ሰው ጮክ ማለትን ይመርጣል፤ ይብስበታል። ይህ በሽታ ዘማሪዎችን ብቻ ሳይሆን መምህራንንም ያጠቃል፤ በተለይ ሴቶችን። ገና ለስላሳ እያለ ከተደረሰበት በዕረፍትና በድምፅ ሕክምና ያለ ቀዶ ጥገና ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ሦስት ሳምንት ያለፈው መሻከር ዝንጅብልና ማር ሳይሆን የአንገት በላይ ሐኪም ይፈልጋል። ዝንጅብሉ ጉሮሮን ያሞቃል፣ ደስ ይላል፤ እጥፋቶቹ ጋ ግን አይደርስም። ማንሾካሾክም ዕረፍት አይደለም፤ ያረፈ ሰው ዝም ይላል።

ለሠልጣኞች የማዝዘው ነገር ቢኖር ስልካቸውን ለሌላ ሥራ እንዲያውሉት ነው። በወር አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ጉንፋን በሌለበት፣ አንዱን መዝሙር በአንድ ኪይ መቅዳት። ከዚያ ከታች እስከ ላይ በ«ኡ» ተንሸራትቶ ማስቀረት። ከስድስት ወር በኋላ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ተራ በተራ መስማት ነው። ለውጡ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ባለቤቱ ከቀን ወደ ቀን አይሰማውም። የሚጻፈውም የጫፉ ኖታ ብቻ መሆን የለበትም። ሳይጨነቁ ሦስት ጊዜ የሚደግሙት ኖታ የትኛው ነው? ለስላሳ አድርገው ሊጀምሩት የሚችሉትስ? ቃሉ ሳይበላሽ የሚሰማው እስከ የት ነው? የአሰልጣኙ ደብተር ላይ ያየኋቸው ዓምዶች እነዚህ ናቸው፤ በእርሳስና በመስመር የተሠሩ።

የድምፅ ክልል በስልጠና ብቻ ሳይሆን በዕድሜም ይለዋወጣል። ድምፃዊው ማህሙድ አህመድ በጥር 2017 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የስንብት ኮንሰርቱን ሲያቀርብ 83 ዓመቱ ነበር፤ ከክቡር ዘበኛ ዘመን ጀምሮ ስድሳ ዓመት የዘለቀ ድምፅ ነው። ወንድ ሲያረጅ እጥፋቶቹ ስለሚሳሱ ድምፁ ትንሽ ይቀጥናል። ሴት ግን የወር አበባ ከቆመ በኋላ ድምፅዋ ይወፍራል። በሃያ ዓመቷ «ሚ» ላይ ትወጣ የነበረች እናት በሃምሳ አምስቷ ያንን ታጣለች፤ በምትኩ ወጣቶቹ ወርደው የማይደርሱባቸውን የታች ኖታዎች ታገኛለች። ያ ለአልቶ ሀብት ነው። በብዙ ቦታ ግን ሴት ልጅ አግብታ ስትወልድ ከመዘምራኑ ወጥታ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ኳየር የወጣቶች ነው ተብሎ። ወናጎ ላይ ባየሁት ልምምድ የአልቶውን መስመር የያዙት አሥራ ስድስትና አሥራ ሰባት ዓመት ያልዘለሉ ልጆች ነበሩ፤ የታችኛዋን «ላ» ለማግኘት ወደ ታች እየገፉ፣ ድምፃቸው ወደ ትንፋሽ እየተለወጠ። ያንን ኖታ ያለ ድካም የሚያወጡት እናቶቻቸው ናቸው፤ እሁድ ጠዋት ሦስተኛውና አራተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው ከጉባኤው ጋር ይዘምራሉ።